የቀሩት አሥራ ሰባት ጉድጓዶች

አጎቴ ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ የጎልፍ ቦርሳ ተሸካሚ ነበሩ። ሥራው ካዲ ይባላል። ጎልማሳ ሆነው ደግሞ በስደት መጥተው ዌልስ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ሣር እያጨዱ፣ አሸዋ እየደለደሉ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ራሳቸው ዱላ ይዘው ሲጫወቱ ግን አይቻቸው አላውቅም። በየዓመቱ በኤፕሪል፣ የማስተርስ ውድድር ሰሞን፣ ከለንደን ኒውፖርት ወዳለው ቤታቸው እሄዳለሁ። ዘንድሮም ሄድኩ። ሁዳዴ ገና አልተፈታም ነበር፤ ሽሮው ገበታው ላይ እየተንተከተከ፣ ቴሌቪዥኑም ማስተርስ የሚካሄድበትን የኦገስታን ሣር እያሳየ ጨዋታችን እንደ ልማዱ ወደ ጎልፍ ተጫዋቹ ኢያን ዉዝናም ዞረ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ፦ ጋሼ፣ ዉዝናምን ሁልጊዜ «የእኛ የዌልሱ ልጅ» ይሉታል። የተወለደው ግን እንግሊዝ ውስጥ አይደል?

ጋሼ፦ ኦስዌስትሪ ነዋ፣ ማርች 2 ቀን 1958። ከተማዋ የእንግሊዝ ናት፤ የዌልስ ድንበር ግን አፍንጫዋ ሥር ነው። እናትና አባቱ ዌልሶች ናቸው፣ አባቱ ገበሬ። ልጁ ጎልፍ የለመደው ላነመነክ የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። አንድ ቀን ወስጄ ባሳይሽ ደስ ይለኛል። ከ18ቱ ጉድጓዶች 15ቱ ያሉት ዌልስ ውስጥ ነው፣ 3ቱ እንግሊዝ። አራተኛው ላይ ስትደርሺ ዌልስ ቆመሽ ትመቺያለሽ፣ ኳሱን ጉድጓድ የምታስገቢው እንግሊዝ ገብተሽ ነው። ኦፋ የሚባል ንጉሥ ከ1,200 ዓመት በፊት ያስቆፈረው የድንበር ቦይና የአፈር ካብም በዚያው ያልፋል። እዚያ ያደገ ልጅ «የየት አገር ነህ?» ሲሉት ምን ይበል? እሱ ዌልስ ነኝ አለ፣ ዕድሜውን ሙሉም ለዌልስ ተሰለፈ።

እኔ፦ ፎቶውን ሳየው ከጎኑ ከቆሙት ሁሉ ያጥራል።

ጋሼ፦ 164 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እኔን ያክላል ማለት ነው። ክንዱን ግን እዪው። የሣር እስር እያነሳ የሚጭን የገበሬ ልጅ ነበር። ሰው ኳስን ሩቅ የሚያደርሰው ቁመት ይመስለዋል። ቁመት ይረዳል፣ ግን ዋናው ወገብ ሲዞር ክንድ ተከትሎት፣ የእጅ አንጓ ደግሞ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሲፈታ ነው። የእሱ ምት አጭርና ያልተንዛዛ ነበር። ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ሳይታይሽ ኳሱ የረጃጅሞቹን አልፎ ይወድቃል።

ደግሞ የእኩዮቹ ነገር! ባሌስቴሮስ ኤፕሪል 1957 ተወለደ፣ ፋልዶ ጁላይ፣ ላንገር ኦገስት፣ ሳንዲ ላይል ፌብሩዋሪ 1958፣ ዉዝናም ማርች። አሥራ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አምስት ልጆች፤ አምስቱም በኋላ ማስተርስን አሸነፉ። አንድ ላይ ሲቆጠር ዘጠኝ ጊዜ። ላይል ደግሞ የተወለደው እዚያው ሽሮውስበሪ፣ ከዉዝናም ሠፈር ብዙም ሳይርቅ ነው። በልጅነታቸው ለአንድ አውራጃ ተሰልፈዋል፣ እርስ በርስም ተጋጥመዋል። ላይል ቶሎ ነው የገነነው፤ 1985 ላይ ኦፕን የሚባለውን የብሪታንያ ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ ዉዝናም ትልቅ ዋንጫ ገና አላየም ነበር።

እኔ፦ እሱ የት ነበር ያኔ?

ጋሼ፦ መንገድ ላይ ነበር! 1976 ላይ ጎልፍ መተዳደሪያዬ ነው ብሎ ገባ። የአውሮፓ ውድድሮች ላይ ለመሰለፍ ማጣሪያ አለ፤ እሱ ያንን ማጣሪያ አንዴ ተፈትኖ ያለፈ ሰው አይደለም፣ ተመላልሶበታል። ለሆቴል የሚከፍለው ስለሌለው መኝታ ባላት ቮልስዋገን ከአገር አገር ይዞር ነበር። ማታ እዚያችው ውስጥ የቆርቆሮ ባቄላ አሙቆ በልቶ ይተኛል። ጠዋት ልብሱን አስተካክሎ ሆቴል ካደሩት ጋር ይሰለፋል። እንዲህ እያለ የመጀመሪያ ድሉን 1982 ስዊዘርላንድ ውስጥ አገኘ፣ ክራን በሚባል የተራራ ከተማ። ስድስት ዓመት መሆኑ ነው።

እኔ፦ በስድስት ዓመት ብዙ ሰው ይተዋል።

ጋሼ፦ አብዛኛው ይተዋል። እኔ በሠራሁበት ሜዳ ስንቱን ጎበዝ አይቻለሁ መሰለሽ፣ ኳሱን ሲመታው ድምፁ ብቻ የሚያስደነግጥ። ሁለት ዓመት ይሞክራል፣ ከዚያ አግብቶ ሥራ ይይዛል። አልፈርድባቸውም። ዉዝናምን የለየው ምን እንደሆነ እኔም በትክክል አላውቀውም። የገበሬ ቤት ልጅ መሆኑ ይመስለኛል፤ ገበሬ ያልተሳካ ዓመት ሲመጣበት እርሻ አይተውም፣ ለሚመጣው ክረምት ዘር ያዘጋጃል።

እኔ፦ 1987 ነው ያ ዓመት፣ የመጣለት?

ጋሼ፦ አዎ፣ ያ ዓመት! የአውሮፓን የገቢ ደረጃ በአንደኝነት ጨረሰ። ዌንትወርዝ ላይ አንድ ለአንድ በሚጋጠሙበት የዓለም ውድድር ፋልዶን፣ ባሌስቴሮስን፣ በመጨረሻም ያን የልጅነት ተፎካካሪውን ላይልን አሸነፈ። ውድድሩ ከተጀመረ ጀምሮ አንድም ብሪታንያዊ አሸንፎት አያውቅም ነበር። ሃዋይ ሄዶ ከዴቪድ ልዌሊን ጋር የዓለም ዋንጫን ለዌልስ አመጣ። ከስኮትላንድ ጋር እኩል ወጥተው በተጨማሪ ጉድጓድ ነው የለዩት። ሦስት ሚሊዮን እንኳ ሕዝብ ያልነበራት አገር ናት እኮ! በግልም አንደኛ እሱ ነበር። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ ሰን ሲቲ ላይ አንድ ሚሊዮን ዶላር...

እኔ፦ እዚህ ላይ ላቁምዎት ጋሼ። ሰን ሲቲ ማለት እኮ ቦፑታትስዋና ነው። የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ ጥቁሮቹን «አገራችሁ ይኸውላችሁ» ብሎ የቆረሰላቸው፣ ዓለም አገር ብሎ ያልተቀበለው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስንት ሙዚቀኛ ተሰብስቦ እዚያ አንዘፍንም ብሏል። ማንዴላ ገና እስር ቤት ነበሩ።

ጋሼ፦ ልክ ነሽ። እኔንም ይጎረብጠኛል። ማንዴላ 1962 ላይ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱ ሰው ናቸው፤ እኔ ያኔ እዚያችው ከተማ ቦርሳ የምሸከም ልጅ ነበርኩ። ዉዝናም ብቻውን አልሄደም፣ የዘመኑ ትልልቅ ተጫዋቾች ይሄዱ ነበር፤ ይህ ግን ነገሩን አያነጻውም። ለአሸናፊ አንድ ሚሊዮን ዶላር ጎልፍ ላይ ከዚያ በፊት ተከፍሎ አያውቅም። ገንዘቡ ያን ያህል የሆነውም ለሌላ ነገር አይደለም፤ ሰዎቹ እንዲመጡላቸው ነው። ስለሱ ሳወራ ይህን ከዘለልኩት እዋሻለሁ። ስለምወደው ብዬ ሁሉን አላጸድቅለትም።

እኔ፦ እሺ፣ ኦገስታን ይንገሩኝ። ሜዳው እንደሆነ ከፊታችን ነው።

ጋሼ፦ 1991። ያን ሳምንት ሰኞ የዓለም ቁጥር 1 ሆኖ ነው የደረሰው። ከጥቂት ሳምንት በፊት ኒው ኦርሊንስ ላይ አሸንፎ ነበር። በጎልፍ ትልልቆቹ ውድድሮች አራት ናቸው፣ ሜጀር ይሏቸዋል። እሱ ግን እስከዚያ ቀን አንድም አላሸነፈም። ከዌልስም አንድም ሰው አላሸነፈም። ከእሱ በፊት ዳይ ሪስ የሚባል ታላቅ ዌልሳዊ ነበር፤ 1953፣ 1954፣ 1961 ኦፕን ላይ ሁለተኛ እየሆነ ሦስት ጊዜ ዋንጫው ከእጁ ላይ ያመለጠው። አስቢው፣ ሦስት ጊዜ።

እሑድ ዕለት ዉዝናም ከቶም ዋትሰን ጋር ተጣምሮ ወጣ። ሕዝቡ የዋትሰን ነበር፤ አገራቸው ነው፣ ጀግናቸው ነው። 13ኛው ላይ የዉዝናም ኳስ ውሃ ገባ። እዚያው ላይ ዋትሰን ኢግል አገኘ፣ ከታሰበለት ምት ሁለት ቀንሶ ጨረሰ ማለት ነው፤ 15ኛው ላይ ደገመው። ጩኸቱ ዛፉን ያነቃንቅ ነበር። 18ኛው ጋ ሲደርሱ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ከፊታቸው ያለው ስፔናዊው ኦላዛባልም ከእነሱ ጋር እኩል ነበር፣ እሱ ግን አሸዋ ገብቶ አንድ ምት ጣለ። ዋትሰን የመጀመሪያ ምቱን ወደ ቀኝ ዛፍ ውስጥ ሰደዳት።

እኔ፦ ዉዝናምስ?

ጋሼ፦ በግራ በኩል ሁለት የአሸዋ ጉድጓዶች አሉ። ሰው ሁሉ የሚፈራቸው ናቸው። እሱ ድራይቨሩን፣ የሩቅ ምቱን ዱላ፣ አወጣና በላያቸው አሳለፋት! ከአሸዋው ማዶ ማንም ተጫዋች የማይሄድበት ሰፊ ሣር አለ፤ ተመልካች የቆመበት። እዚያ ወደቀች። ሰዎቹን አስለቅቀውለት ቆመ፤ ከዚያ ሆኖ ጉድጓዱ ያለበት ግሪን ዳር አደረሳት፣ በፓተር፣ በማስገቢያው ዱላ፣ ወደ ላይ ገፋት፣ ሁለት ሜትር ያህል ቀረችው። ዋትሰን እስከዚያ ሁለት ምት ጥሏል። ስለዚህ ያቺን ሁለት ሜትር ካስገባ አበቃ፤ ከሳተ ከኦላዛባል ጋር መለያ ይጫወታል። ገባች። ተንበርክኮ እጁን ጨብጦ ሲሰነዝር አይተሻል? ያ ነው ፎቶው። ከዚያ የቀድሞው አሸናፊ ፋልዶ፣ 190 ሴንቲ ሜትር የሚያልፈው ሰውዬ፣ ለአሸናፊው የሚሰጠውን አረንጓዴ ኮት አለበሰው። በአንድ ምት ብልጫ፣ 277። እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ንጋት ላይ ሣር ልቆርጥ ሜዳ ስገባ የማሽኑ ድምፅ እንኳ የዘፈን ያህል ነበር።

እኔ፦ ሰው ሁሉ ሲያወራ እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። እርስዎ ግን ወደ 2001 ነው የሚሄዱት።

ጋሼ፦ እሄዳለሁ። ምክንያቱን ታውቂያለሽ፣ ካዲ ስለነበርኩ ነው።

ጁላይ 22 ቀን 2001፣ ኦፕን፣ ሮያል ሊትም። ዉዝናም 43 ዓመቱ ነው፤ ወገቡን የሚያደርቅ የአከርካሪ ሕመም አለበት፤ ማስተርስን ካሸነፈ አሥር ዓመት አልፎታል። ሦስት ቀን ተጫውተው አራት ሰዎች እኩል ይመራሉ፣ አንዱ እሱ ነው። ጠዋት መለማመጃው ላይ ሁለት ድራይቨር ይዞ ይሞክር ነበር፣ የትኛው ዛሬ እንደሚሻለው። መረጠ። ያልተመረጠው መውጣት ነበረበት። አልወጣም። በጎልፍ አንድ ተጫዋች ቦርሳው ውስጥ ከ14 በላይ ዱላ መያዝ አይፈቀድለትም፣ ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው። እነሱ ጋ 15 ሆነ።

እኔ፦ አንድ ዱላ ሲበዛ ሰው አያየውም?

ጋሼ፦ ነገሩ እዚህ ላይ ነው! ኦፕን ከሚካሄድባቸው ሜዳዎች ሁሉ በፓር 3፣ በሦስት ምት እንዲያልቅ በሚታሰብ ጉድጓድ፣ የሚጀምር ሊትም ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ አጭር ጉድጓድ ነው፣ ድራይቨር አያስፈልግም፣ ብረት ነው የምታወጪው። ድራይቨሮቹ ኮፍያቸውን አጥልቀው ቦርሳው ውስጥ ቆመዋል፣ ማንም አልነካቸውም። ሌላ ሜዳ ቢሆን የመጀመሪያው ምት ላይ ድራይቨር ሲስብ ሁለቱን ያያቸው ነበር፤ ሳይመታ አንዱን ያስወጣል፣ ቅጣትም የለም። በሜዳው አሠራር ምክንያት አልታየም። ብረቱን መታ፣ ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። አንድ ስንዝር ብትገፋ ገብታለች። በሁለት ምት ጨረሰ። ሕዝቡ አበደ።

ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ካዲው እጁን ወደ ድራይቨሩ ሰደደ። ሁለት ናቸው።

እኔ፦ ምን አለው?

ጋሼ፦ ነገረው። ምን ያደርጋል? ይህን ጊዜ ነው እኔ የማስበው። ኦፕን ነው፣ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ሰውየው ዕድሜው እየሄደ ነው፣ እና አንቺ ተሸካሚዋ ነሽ። ሌላ ሥራ የለሽም እኮ፤ መቁጠር ነው ሥራሽ። ካዲ ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርገው ዱላ መቁጠር ነው። ለሰውየው ዓይኑን እያየ መንገር አለበት፣ መደበቅ አይቻልም፣ ቢደብቀው ቅጣቱ ይጨምራል። ነገረው። ዉዝናም ትርፉን ድራይቨር ከቦርሳው ስቦ ሣሩ ውስጥ ወረወረው፣ ኮፍያውንም ወረወረ። ያ በሁለት የጨረሰው ጉድጓድ አራት ሆኖ ተጻፈ። ብዙም ሳይቆይ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ አንዳንድ ምት ጣለ። ሳይቃጠል ማን ይቀራል!

እኔ፦ መጨረሻው ምን ሆነ?

ጋሼ፦ ዴቪድ ዱቫል አሸነፈ፣ ዉዝናም በአራት ምት ተበልጦ ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሦስተኛ ወጣ። የዚያን ቀን ውጤቱ 71 ነው፣ የሜዳው ልክ፤ ሁለቱ የቅጣት ምት ውስጡ ሆኖ። ሁለቱ ባይኖሩ ብቻውን ሁለተኛ ነበር፣ በሽልማቱ ብቻ ከ200,000 ፓውንድ በላይ ልዩነት አለው። ልቡ ባይሰበር ደግሞ ምን ይጫወት እንደነበር ማን ያውቃል። ማታ ጋዜጠኞች ከበቡት፤ ካዲውን ታባርረዋለህ ወይ አሉት። ትልቅ ስህተት ነው፣ ግን ጎበዝ ካዲ ነው፣ አላባርረውም አለ።

እኔ፦ እዚህ ላይ ነው እኔ ከእርስዎ ጋር የማልስማማው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባረረው አይደል?

ጋሼ፦ ስዊድን ላይ። በጠዋት የሚጀምሩበት ቀን ካዲው እንቅልፍ ጥሎት ቀረ። የሎከሩ ቁልፍ እሱ ጋ ስለነበር ዉዝናም ጫማውን ለማውጣት ሎከር ማሰበር ነበረበት። የዚያን ቀን አሰናበተው።

እኔ፦ እንግዲያው ምሕረቱ ሁለት ሳምንት ነው የቆየው። ደግሞ አንድ ነገር ላሳስብዎት። ያ ልጅ በዓለም ፊት ተዋርዷል። ጋዜጣው ሁሉ ስሙን አወጣው። ሁለት ሳምንት እንዴት እንደተኛ፣ ምን እየጠጣ እንደተኛ፣ እናቱ ፊት እንዴት እንደቆመ የጠየቀ አለ? ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ጋር ያልተያያዘ ይመስልዎታል? እኔ ከሆንኩ እሱን ነው የማዝንለት፣ ዉዝናምን አይደለም።

ጋሼ፦ ...

እኔ፦ ጋሼ?

ጋሼ፦ አይ፣ እያሰብኩት ነው። በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ የምለው አንድ ነው፤ መጀመሪያው ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ቸልታ ነው፣ ስህተት ይማራል፣ ቸልታ ግን አይማርም። አሁን ስትዪኝ ግን ልጁ ራሱ ላይ እምነቱ እንደፈረሰ ይገባኛል። እምነቱ የፈረሰ ሰው ሰዓት ይረሳል። እሺ፣ ይህን ተቀብያለሁ።

እኔ ግን ዉዝናምን የምወደው ይቅር ስላለው አይደለም። ሌላ ነገር ነው። ልንገርሽ፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። የአንድ ፈረንጅ ቦርሳ ይዤያለሁ፣ ከእኔ ቁመት ብዙ የማይተናነስ። ግሪኑ ላይ ባንዲራውን ያዝልኝ አለኝ፤ ለመያዝ ስል በእጄ የነበረችውን አጭር ብረት ሣሩ ላይ አስቀመጥኳት። ጨረሱ፣ ሄድን። ሦስት ጉድጓድ ካለፍን በኋላ «ያቺን ብረት ስጠኝ» አለኝ። ቦርሳውን አየሁት። እጄ ደነዘዘ። ሮጥኩ፣ ወደ ኋላ ሮጥኩ፣ የለችም። ሰው አንስቷታል። ተመልሼ ስመጣ ቦርሳው ሌላ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። አንድ ቃል አልተናገረኝም። እጁን እንዲህ አደረገ፣ ሂድ እንደሚባለው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ሣሩን አቋርጬ ወደ በሩ ሄድኩ። የዚያን ቀን ሳንቲሜን ለእናቴ ነበር የማመጣው። ነገ ተመልሰህ አትምጣ ያለኝ ሌላ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር በዚያ በር እንዳላልፍ ዞሬ ነበር ቤት የምገባው።

እኔ፦ ጋሼ...

ጋሼ፦ ብረቷን ማጥፋቴ ጥፋት ነው። ማባረሩንም እኔ አልከለክለውም፣ ንብረቱ ነው። ግን ያን ጨዋታ ቢያስጨርሰኝ! ቦርሳው እስከ 18ኛው ድረስ ትከሻዬ ላይ ቢሆን፣ ማታ ቢያባርረኝ! ስድሳ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረው ይኼ ነው።

ሊትም ላይ ዉዝናም ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ነበር ያወቀው። ቦርሳውን የሚሸከም ሌላ ሰው አያጣም ነበር፤ ስንቱ ነበር የሚሮጥለት። አላደረገውም። የቀሩትን አሥራ ሰባት ጉድጓዶች ከዚያው ልጅ ጋር ሄደ። በየጉድጓዱ እጁን ዘርግቶ ዱላ ተቀበለው፣ ርቀት ጠየቀው፣ ተመካከረው። አራት ሰዓት አብረው ሄዱ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። አንቺ ሁለት ሳምንቱን ታያለሽ፣ ልክ ነሽ፤ እኔ አሥራ ሰባቱን ጉድጓድ ነው የማየው።

እኔ፦ ይህን አስቤው አላውቅም።

ጋሼ፦ ቴሌቪዥን ላይ ሳየው ከወንበሬ ተነስቼ ቆሜ ነበር። አክስትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ምነው፣ ምን ሆንክ?» ብላ ከማድ ቤት መጣች። ምንም አልኳት።

እኔ፦ ከዚያ በኋላስ ምን ሠራ?

ጋሼ፦ ያንኑ ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ዌንትወርዝ ላይ ያን የአንድ ለአንድ ውድድር ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደ። 1987፣ 1990፣ 2001፣ በሦስት የተለያዩ አሥርት ዓመታት ውስጥ። የመጨረሻው ግጥሚያ ከአየርላንዱ ሃሪንግተን ጋር ነበር።

ከዚያ ራይደር ካፕ አለ፣ አውሮፓና አሜሪካ በሁለት ዓመት አንዴ የሚገናኙበት። ከ1983 እስከ 1997 ስምንት ጊዜ በተከታታይ ተሰልፏል። ከባልደረባ ጋር ሲጣመር አስፈሪ ነው፤ 1987 ኦሃዮ ላይ ከፋልዶ ጋር አራት ጊዜ ወጥተው አንድም አልተሸነፉም፤ አውሮፓ በአሜሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈውም ያኔ ነው። በመጨረሻው ቀን ብቻውን ሲወጣ ግን በስምንቱም አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፈም። ለምን እንደሆነ የገባው ሰው አላገኘሁም። 2006 ላይ አየርላንድ ውስጥ አለቃ ሆኖ ቡድኑን መራ። ዳረን ክላርክ ሚስቱን በካንሰር አጥቶ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሰው ሁሉ እንዴት ይጫወታል ይላል። ዉዝናም አለቃው በራሱ ምርጫ ከሚያስገባቸው ከሁለቱ አንዱ አድርጎ ጠራው። ያልተመረጠ ሌላ ተጫዋች ተቆጣ፣ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ክላርክ ሦስት ጊዜ ወጣ፣ ሦስቱንም አሸነፈ። አውሮፓ 18½ ለ9½።

እኔ፦ ሰውን ሐዘን ላይ ሆኖ መጥራት ግን ጭካኔም ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ እንዲያይ መተውም አለ። ክላርክ ራሱ እሄዳለሁ ብሎ ነው፣ አላስገደደውም። ሥራውን ማንም እንዳይነጥቀው ነው ያደረገው። ከሊትም ጋር አንድ ሰው ነው ለኔ፤ ቦርሳህን ያዝ፣ እንሂድ የሚል።

ወገቡ እየባሰ ሄደ እንግዲህ። እንዲያም ሆኖ 2008 ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያሉት በሚወዳደሩበት የአውሮፓ ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ በዋናውም በአንጋፋዎቹም አንደኛ የወጣ ከእሱ በፊት አልነበረም። 2015 ሂዩስተን ላይ፣ በ57 ዓመቱ፣ ሁለት አሜሪካውያንን በመለያ አሸነፈ። 2017 የጎልፍ ታላላቆች መዝገብ ውስጥ ገባ። ይኸውልሽ። ሽሮሽን ብዪ፣ ቀዘቀዘ።

እኔ፦ ጋሼ፣ ይዩት፣ 18ኛው ጋ ደረሱ። ሁለቱ አሸዋዎች እነዚያ ናቸው?

ጋሼ፦ እነሱው። አሁን ግን ሰፍተዋል። 2002 ላይ መምቻውን ወደ ኋላ ገፍተውታል፣ ያኔ 405 ያርድ የነበረው 465 ሆኗል። ልጁን እዪው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚያነጣጥረው። በግራ በኩል አሳልፎ እዚያ ሣር ላይ መጣል ዛሬ አይቻልም።

እኔ፦ የት ጋ ነበር የወደቀችው?

ጋሼ፦ ቆይ፣ ካሜራው ይዙር። እ... እዚህ፤ ያ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ የቆመበት ጋ።